194,313

ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ ሽቅብ ስንወጣ የምንጫወታት ጨዋታ አለችን። አንዱ ቁጥር ይጠራል፣ ሌሎቻችን እያለከለክን እናካፍላለን። የታክሲ ታርጋ፣ የቤት ቁጥር፣ የሎተሪ ዕጣ… ያገኘነውን ሁሉ። (ሳቁብን፣ ለምደነዋል።) አንዲት ቁጥር ግን ከያዘችን አለቀቀችንም፦ 194,313።

ከባሕረ ሐሳብ ነው ያገኘናት። ዐቢይ ቀመር የሚባለው 532 ዓመት ነው። አንዱን ዓመት 365 ቀን ከሩብ ብላችሁ አባዙት፤ ሽርፍራፊ የሌለው 194,313 ቀን ይወጣል። ስትበትኑት 3 × 7 × 19 × 487 ነው። ከዚህ በላይ አይፈርስም።

ጉዱ ያለው 7ቷ ላይ ነው። ፀሐይና ጨረቃ በ19 ዓመት ይገናኛሉ። ጳጉሜን 6 የምትሆንበትንም ዓመት ለማስማማት በ4 ስናባዛው 76 ይሆናል፣ ማዕከላዊ ቀመር። 76 ዓመት 27,759 ቀን ነው። ለ7 አካፍሉት… 4 ይተርፋል! እሑድ የነበረው ሐሙስ ላይ ያርፋል። ሐሙስ የሚውል ፋሲካ ደግሞ የለም። 7 ከአንድና ከራሱ በቀር አካፋይ ስለሌለው በሁለትም በሦስትም ዙር አይደለልም፤ ሰባቱንም ዙር ያስከፍላል። 76 × 7 = 532። ሊቃውንቱ ይህን የያዙት ያለ ካልኩሌተር ነው። ለማነጻጸር ያህል፣ የግሪጎርያኑ ፋሲካ ዙሩን የሚዘጋው በ5,700,000 ዓመት ነው።

ጨረቃ ግን ለቀመር አትታዘዝም። ቀመሩ በ76 ዓመት 940 ጨረቃ ይቆጥራል፤ እውነተኛዋ 6 ሰዓት ያህል ቀድማ ትጨርሳለች። በ532 ዓመት 41 ሰዓት ገደማ መሆኑ ነው። እንጦጦ ላይ ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች አሉ፤ ከእነሱ ጋር መከራከር አያዋጣም። ግማሾቻችን «እንግዲያው ቀመሩ ተሳስቷል» አሉ፣ ግማሾቻችን «ሰው የተስማማበት ቀጠሮ አይሳሳትም»። እስካሁን አልታረቅንም።

በ2017 ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 12 ነበር። በማግሥቱ፣ የካ ሚካኤል አካባቢ አብሮን ያደገ ጓደኛችን ወደ አሜሪካ ሄደ። ከሽኝቱ በኋላ ቤታቸው ቁጭ ብለን ሳለ እናቱ «እንዲህ ያለ ፋሲካ ደግሞ መቼ ይመጣ ይሆን?» አሉ። እኛ ሆዬ ስልካችንን መዘዝን! ከነወንጌላዊው፣ ከነአበቅቴው፣ ከነጎረቤት ዓመታቱ ከሆነ በ2549 ነው አልናቸው። ያለፈው ደግሞ በ1485፣ በዐፄ እስክንድር ዘመን፣ ኮሎምበስ ከመጀመሪያ ጉዞው በተመለሰ በሦስተኛው ሳምንት ገደማ። 80 ዓመት የኖረ ሰው 29,220 ቀን ብቻ እንዳለው ልናስረዳቸው ስንል አንደኛችን በክርኑ ጎሸመን።

«ቀኑ ብቻ ከሆነማ ቅርብ ነው» ብለን አስተካከልን። «ሚያዝያ 12 በ2006ም ነበር፤ በ2028 ደግሞ ይመጣል።»

«ልጆቼ፣ እኔ ቀኑን መች ጠየቅኋችሁ» አሉንና ሁለተኛውን ቡና ቀዱልን።