ፊደል የጎደለው ስም

እህቶቼ፣ ራግቢ የሚባለውን ጨዋታ መጀመሪያ ያወቅኩት በልብስ ማጠቢያው በኩል ነው። እዚህ ዱባይ የማሳድገው ልጅ በትምህርት ቤቱ ይጫወታል፤ ሳርና አፈር የጠጣ ማልያው እኔ ጋ ይመጣል። ኳሱ እንደ እንቁላል ሞላላ ነው። በእጅ ይዘው ይሮጣሉ፣ ወደ ፊት በእጅ ማቀበል ግን ክልክል ነው። ልጁ ለትምህርት ቤት ሥራ ስለ አንድ የጥንት ተጫዋች ጮክ ብሎ ሲያነብ፣ ሰውየው ስደተኛ ነበር የሚለው ላይ ጆሮዬን አቆምኩ። የቀረውን ማታ ማታ በስልኬ አንብቤ ጨረስኩት።

ዴቭ ጋላኸር ይባላል። በፈረንጆች 1873 አየርላንድ፣ ዶኔጋል ውስጥ ራሜልተን በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ ባለሱቅ ነበር። በ1878 ቤተሰቡ ጓዙን ጠቅልሎ በመርከብ ወደ ኒውዚላንድ፣ ካቲካቲ ወደሚባል አዲስ ሰፈራ ሄደ። መሬቱ ግን ያሰቡትን ያህል አላበላቸውም። ከመካከላችን ይሄን የማታውቅ ማን አለች? አባትየው በዕድሜ የገፋ ስለነበር ቤቱን የተሸከመችው እናትየዋ ማሪያ ናት፤ በሳምንት 2 ፓውንድ እየተከፈላት ታስተምር ነበር፣ ያውም ልጅ እየወለደች። በ1887 በካንሰር ሞተች። ዴቭ ያኔ ገና 13 ዓመቱ ነው፤ ትምህርቱን ትቶ ሥራ ገባ። ስለ እሱ የሚጽፉት ሰዎች እሷን በሁለት መስመር ያልፏታል፤ እኔ ግን ከጨዋታው ሁሉ ይልቅ እዚያ ላይ ቆየሁ።

አድጎ ኦክላንድ ከተማ ሥጋ የሚያቀዘቅዝ ድርጅት ውስጥ ከባድ ሸክም ይሸከም ነበር፣ በኋላም የሠራተኞች አለቃ ሆነ። በ1905 ኦል ብላክስ የተባለው የኒውዚላንድ ቡድን ወደ እንግሊዝ አገር ሲሄድ አምበሉ እሱ ነበር። መርከቡ ላይ ግን አንዳንዶቹ ተጫዋቾች ምርጫው አልተዋጠላቸውም። እሱና ምክትሉ ቢሊ ስቴድ ኃላፊነቱን እንልቀቅ አሉ፤ ድምፅ ተሰጠና ከ29ኙ 17ቱ ደገፏቸው። የማኅበራችንን ስብሰባ የቀመሰች ሁሉ ይሄን ትረዳዋለች!

የመጀመሪያውን ጨዋታ ዴቨንን 55 ለ 4 አሸነፉ። በጉዞው በጠቅላላ ከ35 ጨዋታ 34ቱን አሸነፉ፤ የተሸነፉት በታኅሣሥ 16 ካርዲፍ ላይ በዌልስ ብቻ ነው፣ 3 ለ 0። ዳኛው የከለከላቸው ነጥብ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ጋዜጦቹ ደግሞ ጋላኸርን በሚጫወትበት ቦታ ምክንያት አታላይ እያሉ ጻፉበት። ስታዲየም የሞላው ሕዝብ ከፍሎ ነው የሚገባው፤ ተጫዋቾቹ የሚደርሳቸው ግን የወጪ ተብሎ በቀን 3 ሺሊንግ ነበር።

እኔን ያስጨነቀኝ ግን ወረቀቱ ነው። የቤተሰቡ ስም በትክክል ጋላገር ነበር። ኒውዚላንድ ሲገቡ ሰው መጻፍም መጥራትም ስለቸገረው አንዲት ፊደል ወጣችና ጋላኸር ሆኖ ቀረ። በ1901 ለደቡብ አፍሪካው ጦርነት ሲመዘገብ ደግሞ የተወለደበት ዓመት 1876 ተብሎ ተሞላ። ሦስት ዓመት ተቀነሰ ማለት ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዕድሜው ስላለፈ የሚያስገድደው አልነበረም፤ በ1916 በፈቃዱ ዘመተ። ሚስቱንና ትንሽ ሴት ልጁን ትቶ ሄዶ ጥቅምት 4 ቀን 1917 ቤልጂግ ውስጥ ፓሸንዴል ላይ ሞተ። ሁለት ወንድሞቹም በዚያው ጦርነት አልቀዋል። የመቃብር ድንጋዩ 41 ዓመት ይላል። የሞተው በ43 ዓመቱ ነው፣ 44 ሊሞላው ሳምንታት ሲቀሩት።

የእሱ ተቀነሰ፣ የእኔ ተጨመረ። እኔ 17 ዓመቴ ሳለ ደላላው 24 ብሎ አስሞላ፤ ኃይለማርያም የሚለው የአባቴ ስምም ኃይለ ላይ ተቆርጦ ፓስፖርቴ ላይ ወጣ። ባለፈው ዓመት የአንዲት እህታችንን አስከሬን ወደ አገር ቤት ስንሸኝ ወረቀቱ ላይ ያለው ዕድሜ ከእውነተኛው በስድስት ዓመት ይበልጥ ነበር። እናቷ በስልክ ሲነበብላቸው፣ «ይቺ የእኔ ልጅ አይደለችም፣ የኔዋ ልጅ ናት እኮ» አሉ። ለተወሰኑ ደቂቃዎች ተስፋ አደረጉ።

ጋላኸር ዝነኛ ስለሆነ እውነተኛ የልደት ቀኑን ቆፍረው ያወጡለት ሰዎች አሉ። ለእኛ የሚቆፍር ስለሌለ፣ እኔ እውነተኛ ስሜን፣ የተወለድኩበትን ቀንና የእናቴን ስልክ ጽፌ በታሸገ ፖስታ ለማኅበራችን ጸሐፊ ሰጥቻለሁ። የምትፈልጉ እናንተም ስጧት፤ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ትገኛለች። ፖስታው ላይ የአባቴን ስም እስከ ማርያም ድረስ ነው የጻፍኩት።