ሳይቃጠል በቅጠል፦ በጀልባ ወደ ዘጌ

ወደ ዘጌ የሚሄዱ ከሆነ ማለዳ ይነሡ። ጣና ጠዋት ጠዋት ረጋ ያለ ነው፤ ከቀትር በኋላ ግን ነፋስ ይነሣና ማዕበሉ ትንንሾቹን ጀልባዎች ማንገላታት ይጀምራል። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ባሕር ዳር ከሐይቁ ዳር ሲደርሱ ጀልባዎቹ ተደርድረው ያገኟቸዋል። ልጆች ከፊት ለመቀመጥ ይሻማሉ፤ እናት የቁርሱን ዘንቢልና ፔርሙሱን የሚያኖሩበት ደረቅ ቦታ ይፈልጋሉ። ነጂው ገመዱን ፈትቶ ሞተሩን ያስነሣል፤ ከተማዋም ከነዘንባባዎቿ ወደ ኋላ ትቀራለች።

ከዚያ በኋላ ያለው አንድ ሰዓት ገደማ ዓይን አይጠግበውም። በስተቀኝ በኩል ዓባይ ከሐይቁ ተነሥቶ ረጅሙን ጉዞውን የሚጀምርበት አቅጣጫ ነው፤ ዕድል ከቀናዎት ጉማሬ ጆሮውንና ዓይኑን ብቻ ብቅ አድርጎ ያዩታል። ከደንገል በተሠራች ታንኳ ላይ የተቀመጠ ሰው እንጨት ጭኖ ወደ ገበያ ይቀዝፋል። ከ3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋው ይህ ሐይቅ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ የተመዘገበው ያለምክንያት አይደለም።

ይህን ሁሉ እያዩ ሳለ ከጀልባዋ ጀርባ ያልጠበቁት ድምፅ ሊመጣ ይችላል፤ ቀጭን፣ አልቆም የሚል ጩኸት። ሞተሩም ማንም ሳይነካው ፍጥነቱን ይቀንሳል። ልጆቹ ዞር ብለው እርስዎን ያያሉ።

በዚህ ጊዜ አብዛኞቻችን የምንለው ይታወቃል፦ «ምንም አይደል፣ ቀስ እያልክ ቀጥል፤ ዘጌ እኮ ደረስን!» ከጩኸቱ ይልቅ አደገኛዋ ይህች አባባል ናት።

ሞተሩ ለምን ይጮሃል?

የመኪና ሞተር በራዲያተር ይቀዘቅዛል። ከጀልባ ጀርባ የሚታሰረው ሞተር ግን ራዲያተር የለውም፤ የሚያቀዝቅዘው የሐይቁ ውሃ ራሱ ነው። ውሃ ውስጥ የሚጠልቀው የሞተሩ እግር ላይ ወንፊት የመሰሉ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ። በእነሱ በኩል የገባውን ውሃ የጎማ ክንፍ ያላት ፓምፕ ወደ ላይ ትገፋዋለች፤ ውሃውም የጋለውን ብረት አቀዝቅዞ ይወጣል። ከዚሁ ውሃ ጥቂቱ ከሞተሩ ጀርባ ወይም ጎን እንደ ቧንቧ ውሃ ቀጠን ብሎ ሲወርድ ያዩታል። ይህ ውሃ ከቀነሰ ወይም ከቆመ አንድ ችግር አለ ማለት ነው።

ጣና ላይ ደግሞ ቀዳዳዎቹን የሚዘጋ ነገር ሞልቷል። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ሐይቁን ያስጨነቀው እምቦጭ በብዛት የሚገኘው በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ ቢሆንም፣ ተንሳፋፊ በመሆኑ ነፋስና ማዕበል ይዘውት ይጓዛሉ። ዳር ዳሩን የደንገል ስባሪ፣ ሣርና ጭቃ አለ። እኛው የጣልነው ፌስታልም አለ፤ ቀዳዳዎቹን ለመሸፈን አንድ ፌስታል ይበቃል። ፓምፗም ብትሆን ጎማ ናትና ታረጃለች፤ በየጊዜው ካልተቀየረች ቀዳዳው ሳይዘጋም ሞተሩ ይግላል።

ሁለተኛው ምክንያት ዘይት ነው። ዘይቱ ሲያንስ ወይም ግፊቱ ሲወርድ ሞተሩ ይጮሃል። ይህ ከመጀመሪያው የባሰ ነው፤ ያለ በቂ ዘይት የሚሽከረከር ብረት በአጭር ጊዜ ውስጥ ተጣብቆ ሊቀር ይችላል። አንዳንድ ሞተሮች ደግሞ ቤንዚኑ ውስጥ ውሃ ሲገባ ያስጠነቅቃሉ።

የጩኸቱ ዓይነት እንደ ሞተሩ ሥሪት ይለያያል። የአንዱ ያለማቋረጥ ይጮሃል፣ የሌላው እየቆየ ጢጥ ጢጥ ይላል፤ ትርጉሙን የሚነግረው አብሮት የሚበራው መብራትና የሞተሩ መመሪያ መጽሐፍ ነው። ቁልፉ ሲዞር አንድ ጊዜ ጢጥ ብሎ ዝም ቢል ግን አይደንግጡ፤ ብዙ ሞተሮች የማስጠንቀቂያው ድምፅ መሥራቱን የሚፈትሹት በዚህ መንገድ ነው።

ነጂው ሲያጠፋ አያጣድፉት

ጥሩ ነጂ ጩኸቱን እንደሰማ ነዳጁን ይቀንሳል፤ ድንጋይ ወይም ሌላ ጀልባ አጠገቡ አለመኖሩን አይቶ ሞተሩን ያጠፋል። ጀልባዋ እንዳትንሸራተት መልሕቅ ይጥላል ወይም መቅዘፊያ ያነሣል። ከዚያ ሞተሩን ከውሃው ቀና አድርጎ የተጠመጠመውን ሣር በእጁ ያነሣል፣ ቀዳዳዎቹን ያጸዳል። የሞተሩን ክዳን ቢከፍት እንኳ የጋለውን ብረት ልጆች እንዳይነኩት ያርቋቸው።

ሞተሩን መልሶ ውሃ ውስጥ ሲያስገባና ሲያስነሣ ሁላችሁም ያቺን ቀጭን ውሃ ተመልከቱ። ውሃው በደንብ ከወረደና ጩኸቱ ከቆመ ጉዞው በዝግታ ይቀጥላል። ውሃው ካልወረደ፣ ጩኸቱ ከተመለሰ ወይም የበራው የዘይት መብራት ከሆነ ግን ሞተሩ ደግሞ አይነሣም፤ ነጂው በስልክ ሌላ ጀልባ ይጥራ። አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ ሞተሩ ሲጠፋ ጩኸቱም ይጠፋል። ድምፁ ጠፋ ማለት ግን ችግሩ ተወገደ ማለት አይደለም።

የእርስዎ ድርሻ ቀላል ነው። ቁጭ ይበሉ፤ ልጆችዎንም ያስቀምጡ። ሁሉም ለማየት ወደ አንድ ጎን ከተንጋጋ ጀልባዋ ታዘነብላለች። ቆሞ ቅጠል ለማንሣት የሚፈጀው አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። «ቀጥል» ብለው ሞተሩ ከተቃጠለ ግን ሐይቁ መሐል ከነቤተሰብዎ ይቀራሉ፤ ሰዓቱም የከሰዓቱን ነፋስ ይዞ ይመጣል። የነጂው የዓመት እንጀራም አብሮ ይቃጠላል። ብዙ ጊዜ አውቆት ሳለ የሚቀጥለው ተሳፋሪው ስለሚያጣድፈው ነው።

ከመሳፈርዎ በፊት

ስለ ዋጋው ከመነጋገርዎ በፊት ላይፍ ጃኬቶቹን ይቁጠሩ። ለልጅ የሚሆን ልክ አለ? የአዋቂው ጃኬት ለአምስት ዓመት ልጅ ከአንገቱ ሾልኮ ይወጣል። ጃኬቱ ከወንበር ሥር የሚቀመጥ ሳይሆን ከመነሻው ጀምሮ የሚለበስ ነው።

ቀጥሎ መቅዘፊያ፣ መልሕቅና ቻርጅ ያለው ስልክ መኖራቸውን ይጠይቁ። ነጂው ከእጁ ወይም ከልብሱ ጋር የሚያስራት አጭር ገመድም አለች፤ ድንገት ውሃ ውስጥ ቢወድቅ ገመዷ ተነቅላ ሞተሩን ታጠፋዋለች። ገመዷ ሞተሩ ላይ ተንጠልጥላ ከቀረች ሥራዋን አትሠራም።

«ሁለት ሰው እንጨምር» ሲባል እምቢ ይበሉ። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ እዚህ ሞተር በባሕር ጠረፍ ላይ ያለውን ጉልበት ሁሉ አያገኝም። ከመጠን በላይ የተጫነች ጀልባ ሞተሯን ታስጨንቃለች፣ ለማዕበልም ትጋለጣለች።

በመጨረሻም ሞተሩ ተነሥቶ ገመዱ ሳይፈታ በፊት «ወንድሜ፣ ውሃው ይወርዳል?» ብለው ይጠይቁ። አዋቂ ነጂ በጥያቄው አይከፋም፤ እንዲያውም ፈገግ ብሎ በጣቱ ያሳይዎታል። ከዚያ ሥራውን ለልጅዎ ይስጡት፦ ከመቀመጫው ሳይነሣ ያቺን ውሃ እየጠበቀ ስትቆም የሚናገር። ልጅ እንዲህ ያለ ኃላፊነት ሲሰጠው አያንቀላፋም።

ዘጌ ሲደርሱ ከጀልባዋ ወርደው በቡና ዛፎች ጥላ ሥር በእግር ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ይወጣሉ። እንደ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴቶች የማይገቡበት ገዳም ስላልሆነ እናትም ሴት ልጅም አብረው ገብተው የግድግዳ ሥዕሎቹን ያያሉ። ሲጨርሱ ከዚያው ከዘጌ ቡና አንድ ስኒ ይጠጡ፤ ግን ብዙ አይቆዩ፤ ነፋሱ ሳይነሣ መመለስ ይሻላል።

ሲመለሱ ሞተሩ ቢጮህ አሁን ምን እንደሚሉ ያውቃሉ። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። ጣና ላይ ደግሞ ሳይቃጠል ቅጠሉን ማንሣት ነው።