ባብ ኤል መንደብን ያላቋረጠው ኮንቴይነሬ

የመኪና መለዋወጫ ከቻይና አስመጥቼ እሸጣለሁ። ትልቅ ነጋዴ አይደለሁም፤ በዓመት ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ኮንቴይነር ነው። በ2016 መጋቢት ላይ ያዘዝኩት ዕቃ ግንቦት መጀመሪያ ላይ ተጭኖ ይነሳል ተባልኩ። ግንቦት አለቀ፣ ዕቃው እዚያው ፋብሪካው መጋዘን ውስጥ ነው። ሻጩን ስጠይቀው "ባዶ ኮንቴይነር የለም" አለኝ። ትራንዚተሬን ስጠይቀው ደግሞ "የቀይ ባሕር ነገር ነው" አለና ዘጋው።

አልተዋጠልኝም። ካርታ አውጥታችሁ ተመልከቱ። ከቻይና የሚመጣ መርከብ ጂቡቲ ለመግባት ባብ ኤል መንደብን ማቋረጥ አያስፈልገውም። ጂቡቲ ከጠባቡ መተላለፊያ ወዲህ፣ በኤደን ባሕረ ሰላጤ በኩል ናት። ታዲያ የእኔ ዕቃ ከሁቲ ሚሳኤል ጋር ምን አገናኘው?

ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። ሁቲዎች ጋላክሲ ሊደር የተባለችውን መርከብ ኅዳር 9 ቀን 2016 ከያዙ በኋላ ትልልቆቹ የመርከብ ድርጅቶች ስዌዝን ትተው በደቡብ አፍሪካ ጫፍ፣ በኬፕ ኦፍ ጉድ ሆፕ በኩል መዞር ጀመሩ። ከእስያ አውሮፓ ለሚሄድ መርከብ ይህ ከ3 ሺህ የባሕር ማይል በላይ ጭማሪ ነው፤ በአንድ ጉዞ ብቻ አሥር ቀን ገደማ። መርከቡ ዘግይቶ ሲደርስ ባዶ ኮንቴይነሩም ወደ ቻይና የሚመለሰው ዘግይቶ ነው። ያንኑ ዕቃ ለማድረስ ተጨማሪ መርከብ ስለሚያስፈልግ ከሌላ መስመር ይነሳል። ድሮ ወደ ስዌዝ ሲያልፍ ጂቡቲ ጎራ ይል የነበረ መርከብ ያኔ በዚያ ማለፉን ተወ። በዚያው ሰሞን ሲንጋፖር ወደብ ላይ መርከቦች እስከ ሳምንት ድረስ ተራ ይጠብቁ ነበር። የእኔም ኮንቴይነር ሰኔ ላይ ተጭኖ እዚያው ሲንጋፖር ሌላ መርከብ ጠበቀ።

(ስለ ዕቃዬ ሳማርር አንድ ነገር ልዘንጋ አልፈልግም። ትሩ ኮንፊደንስ የተባለችው መርከብ ስትመታ ሦስት መርከበኞች ሞተዋል። የጋላክሲ ሊደር 25 ባሕረኞች ከአንድ ዓመት በላይ ታግተው ቆይተዋል። የእኔ ኪሳራ ከዚያ ጋር አይወዳደርም።)

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። የማጓጓዣው ዋጋ ከእጥፍ በላይ ሆነ። እሺ፣ ጦርነት ነው፣ ተቀበልኩ። ጉምሩክ ስደርስ ግን ቀረጡ የሚሰላው በዕቃው ዋጋ ላይ ኢንሹራንስና የባሕር ማጓጓዣው ተደምሮ ነው። ቫቱ ደግሞ ቀረጡ ከተጨመረበት በኋላ ይሰላል። ስለዚህ ዕቃዬ አንዲት ብሎን ሳትጨመርበት፣ መርከቡ ስለዘገየና ስለተወደደ ብቻ፣ የመንግሥት ድርሻ አደገ። በሰው አገር ጦርነት ላይ ቀረጥ ከፈልኩ ማለት ነው።

ይህ ደግሞ የግድ አይደለም። አሜሪካ፣ አውስትራሊያና ደቡብ አፍሪካ ቀረጥ ሲያሰሉ ዓለም አቀፍ ማጓጓዣውን አይጨምሩም፤ የዓለም ንግድ ድርጅት ስምምነትም ምርጫውን ለአገሮች ነው የተወው። እነሱ ወደብ አላቸው። ወደብ የሌለን እኛ፣ ከባሕሩ በኋላ ገና የጂቡቲ መንገድ የሚጠብቀን እኛ፣ በርቀታችን ላይ ግብር እንከፍላለን። ሙሉ በሙሉ ይቅር አላልኩም፤ መንግሥትም ገቢ ያስፈልገዋል። ቢያንስ ዋጋው እንዲህ ሲያብድ ከችግሩ በፊት በነበረው የማጓጓዣ ዋጋ ቢሰላ ምን ነበረበት?

አንድ ሚኒባስ የሚነዳ ደንበኛ አለኝ። የፍሪሲዮን ዲስክ ከግንቦት ጀምሮ እየመጣ ይጠይቀኝ ነበር። "ወንድሜ፣ ጂቡቲ እኮ እዚህ ናት" ይለኛል በመጣ ቁጥር። ኮንቴይነሩ ሞጆ የገባው ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነው። ደውዬ አዲሱን ዋጋ ስነግረው ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ ሰኔ ላይ ያገለገለ ገዝቶ እንዳስገጠመ፣ እሱም አሁን መንሸራተት እንደጀመረ ነገረኝ። "እስከ መስቀል ከያዘልኝ እመጣለሁ" አለኝ። አንዱን ዲስክ ከመደርደሪያው አንስቼ ለብቻው አስቀምጬለታለሁ።