እጅና እግር የሌላቸው የናሩኮ ልጃገረዶች

በሰሜን ምሥራቅ ጃፓን፣ ሚያጊ በሚባለው ግዛት፣ ናሩኮ ላይ ከባቡር ስወርድ መጀመሪያ የተቀበለኝ የድኝ ሽታ ነው። ከተማዋ የፍልውሃ ከተማ ናት። እኔ ግን የመጣሁት ለመታጠብ አይደለም። ኮኬሺ የሚሏትን የእንጨት አሻንጉሊት ከሠሪዋ እጅ ላያት ብዬ ነው። እዚህ የመንገድ ስልክ ቤት እንኳ በኮኬሺ አምሳል ይሠራል፤ እሱ ነገር ትንሽ በዝቷል።

ታሪኳ ከፍልውሃው ይጀምራል። ከ200 ዓመት ገደማ በፊት ገበሬው ከእርሻ ሥራ ፋታ ሲያገኝ፣ የደከመ ወገቡን ሊያሳርፍ ወደነዚህ ተራሮች ይወጣ ነበር። ሳህንና ጎድጓዳ ዕቃ እየቀረጹ የሚኖሩት የአካባቢው እንጨት ሠሪዎች ወደ ቤቱ ሲመለስ ለልጆቹ የሚይዘው ርካሽ መጫወቻ ያዘጋጁለት ጀመር። እንጨት እያሽከረከሩ የሚቀርጹበት ቶርኖ የሚያወጣው ክብ ነገር ነውና፣ አሻንጉሊቷ ጭንቅላትና ገላ ብቻ ሆና ቀረች።

አንድ አዛውንት ሠሪ ወርክሾፓቸው አስገቡኝ። የሚቀርጹበትን ብረት ራሳቸው ቀጥቅጠው ያበጁታል፤ የዚህ ሙያ ሰው መሣሪያውን ራሱ ካልሠራ እንደ ሙሉ ባለሙያ አይታይም አሉኝ። እንጨቱ ሚዙኪ የተባለ ነጭ ዛፍ ነው፤ ቅርፊቱ ተልጦ ለብዙ ወራት ይደርቃል። ገላውን ቶርኖው ላይ አስረው እያሽከረከሩ፣ ለብቻዋ የተቀረጸችውን ጭንቅላት አንገቱ ጉድጓድ ላይ ገፍተው አስገቧት። ሰበቃው እንጨቱን አሞቀው፤ ጭንቅላቷ ጠቅ ብላ ገባች፤ ከዚያ በኋላ አትወጣም። አንስተው አንገቷን ሲያዞሩት ሲጥ አለ። ይህ ድምፅ የናሩኮ መለያ ነው።

ከዚያ ብሩሽ አነሱ። ገላው እየዞረ ብሩሹን ዝም ብለው ሲያስጠጉት ቀለበቱ ራሱ ይሳላል። ክሪሳንተመም አበባውን ግን ቶርኖው ቆሞ በእጃቸው ሣሉት። ዓይንና አፍንጫ የሚሆኑትን ጥቂት የጥቁር ቀለም መስመሮች ሲያሳርፉ ትንፋሻቸውን ያዙ። እንጨቱ ቀለሙን ወዲያው ይጠጣል፤ መሰረዝ የለም።

ባህላዊው ኮኬሺ አብዛኛውን ጊዜ በ11 ወገን ይከፈላል። የቱቺዩ ወገን ልጅ አናቷ ላይ እንደ እባብ ዓይን የሚዞር ክብ አላት፤ የናንቡዋ ጭንቅላቷ ይወዛወዛል፣ ብዙ ጊዜም ቀለም አትቀባም። ንድፉ ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል። ፈጠራ የታለ ትሉ ይሆናል። እኔ የማደንቀው ግን ይህንኑ ነው፤ ሁሉም ያንኑ አበባ ስለሚሥል፣ የአንዱን እጅ ከሌላው የሚለየው የመስመሩ አጣጣል ብቻ ይሆናል። ከ2ኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የበዙት ዘመናዊ ኮኬሺዎች ቅርጻቸውም ቀለማቸውም እንደ ሠሪው ምርጫ ነው፤ ቆንጆ ናቸው፣ ብዙዎቹ ግን ልቤ ውስጥ አልገቡም።

ቆርቆሮና ሴሉሎይድ አሻንጉሊት ሲመጣ ልጆች ኮኬሺን ትተዋት ነበር። ያተረፏት ሰብሳቢዎች ናቸው። አማኤ ቶሚያ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1928 ስለ ኮኬሺ መጽሐፍ አሳተመ፤ የፉካዛዋ ካናሜ ስብስብ ደግሞ ናሩኮ ላለው ሙዚየም መሠረት ሆነ። የልጅ መጫወቻ የአዋቂ ፍቅር ሆነና፣ ሠሪዎቹም ከሥሯ ስማቸውን መጻፍ ያዙ። ልምድ ያለው ገዢ ፊቷን አይቶ ወዲያው ይገለብጣታል።

ሱቅ ውስጥ እኔም እየገለበጥኩ፣ አባት የሠራትንና ልጅ የሠራትን ጎን ለጎን አቆምኩ። አበባው ያው ነው። የአባትየው ቅንድብ ጫፉ ላይ ሳስቶ ይጠፋል፤ የልጅየው እስከ መጨረሻው እኩል ይወፍራል። ሁለቱንም ወሰድኩ። ባለሱቋ ስትጠቀልልልኝ፣ «መስኮት አጠገብ እንዳያስቀምጧቸው፤ ፀሐይ ቀለማቸውን ይበላዋል» አለችኝ።