የኖክስ ሱሪና የኤድንብራ ተጠራጣሪዎች

ኤድንብራን የወደድኳት በአንድ ጎዳና ሰበብ ነው። ኒኮልሰን ይባላል። ለጎብኚ የሚሆን ጌጥ የለበትም፤ የሞላው በአውቶቡስ ፌርማታ፣ በምግብ ቤትና ያገለገለ ልብስና መጽሐፍ በሚሸጡ የበጎ አድራጎት ሱቆች ነው። እንግዳ ሁሉ ወደ ከተማዋ ግንብ ሲጎርፍ እኔ እዚህ መመላለስ አበዛሁ። ከ1768 እስከ 1771 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ) የመጀመሪያው ኢንሳይክሎፒዲያ ብሪታኒካ ክፍል በክፍል እየታተመ ይሸጥ የነበረው እዚህ ጎዳና ላይ ከነበረው የኮሊን ማክፋርኳር ማተሚያ ቤት ነው። ሥዕሎቹን በመዳብ ላይ የቀረጸው ሸሪኩ አንድሩ ቤል ቁመቱ ድንክ፣ አፍንጫው ግን ትልቅ ነበር። ሰው ትኩር ብሎ ካየው ከወረቀት የተሠራ የባሰ አፍንጫ ለጥፎ ይመለስ ነበር አሉ። ሦስቱን ጥራዝ ያሰናዳው ዊልያም ስሜሊ ሲጀምር የ28 ዓመት ወጣት ነበር፤ የተከፈለው 200 ፓውንድ ነው። ሥራውን የሠራሁት በመቀስ ነው፣ ከሰው መጽሐፍ እየቆረጥኩ፣ እያለ ራሱ ይቀልድ ነበር።

የስሜሊን ወንበር የወረሱት የዛሬዎቹ ግን ሳንቲም አያገኙበትም። የዊኪፒዲያ በጎ ፈቃደኛ አርታዒዎች ናቸው። መምህራን «ዊኪፒዲያን እንዳትጠቅሱ» እያሉ ተማሪ በሚያስፈራሩበት ዘመን የኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ በ2016 ለዚሁ ሥራ የሚያግዝ ባለሙያ በደሞዝ ቀጥሯል። የጋበዘኝ ወዳጄ ከአርታዒዎቹ አንዱ ነው። ከጓደኞቹ ጋር ቡና ቤት ጥግ ይዘው፣ ላፕቶፓቸውን ከፍተው፣ ስለ ዩኒቨርሲቲ ሕይወት የተጻፉ መጣጥፎችን ይፈትሻሉ፦ የምረቃ ወግ፣ የክበቦች ታሪክ፣ የመኝታ ቤት ተረት። ሻይ ጠጥቼ ልሄድ ነበር የገባሁት፤ የወጣሁት ቤቱ ሊዘጋ ነው ሲሉን ነው።

የተያዘው ጉዳይ ቆብ ነበር። ኤድንብራ ላይ ተመራቂ ማክኢዋን አዳራሽ መድረክ ላይ ሲወጣ የዩኒቨርሲቲው ሹም በአሮጌ የጨርቅ ቆብ አናቱን መታ ያደርገዋል። በተማሪዎቹ ወሬ፣ ቆቧ የተሰፋችው የስኮትላንድን ቤተ ክርስቲያን ከሮም ከነጠለው ከቁጡው ሰባኪ ከጆን ኖክስ ሱሪ ነው። ኖክስ የሞተው በ1572 ነው፤ ዩኒቨርሲቲው በሩን የከፈተው በ1583። ሱሪው በመካከሉ የት ከረመ ብሎ የሚጨነቅ ተመራቂ ያለ አይመስለኝም። በ2000 ቆቧ ልትታደስ ስትፈታ ከውስጧ ምልክት ተገኘ፤ የልብስ ሰፊው ሄንሪ ባንክስ ስም፣ «22 ዱክ ጎዳና» የሚል አድራሻና 1849 የሚል ዓመት ነበረበት።

ሙግቱ እዚህ ላይ ያበቃል ስል ገና መጀመሩ ኖሯል። ጸጉሩ የተንጨፈረረ የፊዚክስ ተማሪ ተነሣ።

«ምልክቱ ማን እንደሰፋት ይናገራል እንጂ ጨርቁ ከየት እንደመጣ አይናገርም። አሮጌ ሱሪ አምጥተውለት ቢሆንስ?»

ጡረታ የወጡ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ከፊቱ ተቀምጠዋል። መነጽራቸውን ዝቅ አደረጉ። «ይህን ያለ መጽሐፍ አለ?»

«እኔ ነኝ ያልኩት።»

«እንግዲያው አስቀድመህ ሌላ ቦታ አሳትመው። ያኔ እንጠቅስሃለን።»

ሕጉ ይኸው ነው፤ አርታዒ የራሱን ምርምር ይዞ አይገባም። ልጁ ብልህ ነው፣ ግን ብልሃቱ አልታተመም። ደግሞ ሌላ ጥያቄ ተነሣ፦ የምልክቱስ ወሬ ከየት መጣ? ከዩኒቨርሲቲው። ስለ ገዛ ቆቡ የሚናገር ዩኒቨርሲቲ እማኝ ነው ወይስ ባለጉዳይ? ይህን ጊዜ የአገሬ የበላ ልበልሃ ሙግት ትዝ አለኝ፤ ልዩነቱ እዚህ ዳኛ አለመኖሩ ነው። በድምፅ ብልጫም አይረቱም። እስኪስማሙ ይከራከራሉ፣ ክርክራቸውም ከመጣጥፉ ጋር በተያያዘው የውይይት ገጽ ላይ ይቀመጣል፤ የፈለገ ገልጦ ያነበዋል። በመጨረሻ ተስማሙ፦ ባለቤቱ ስለ ራሱ ያለው፣ ራሱን ካላወደሰበትና ሌላውን ካልከሰሰበት፣ «ዩኒቨርሲቲው እንደገለጸው» ተብሎ ይገባል። ሱሪውም አልተሰረዘም። «ተብሎ ይነገራል» ተብሎ ከነወጉ ቀረ። ልቤን የወሰደው ይህ ነው። ውሸት ነው ብለው ቢያጠፉት ኖሮ ተማሪው በቆቧ ለምን እንደሚስቅ አንባቢ አያውቅም ነበር። (ቆቧ ዛሬ ሌላም ወሬ አላት፤ የዩኒቨርሲቲው ምሩቅ ጠፈርተኛው ፒርስ ሴለርስ በ2006 ወደ ጠፈር ይዞት የሄደው አርማ ተሰፍቶባታል። ለዚህኛው ዋቢ ሞልቷል።)

ስንመለስ በሮያል ማይል የዴቪድ ሂዩም ሐውልት አጠገብ አለፍን። ተማሪዎች ፈተና እንዲቀናቸው የእግሩን አውራ ጣት ስለሚዳስሱት ነሐሱ እዚያ ላይ ብቻ ያበራል። ሂዩም የተአምር ወሬ ስትሰሙ እምነታችሁን በማስረጃው ልክ አድርጉ ብሎ የጻፈ ፈላስፋ ነው። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ለማስተማር በ1745 ቢወዳደር ተከልክሏል። ዛሬ ለተማሪዎቹ ታቦት ሆኖላቸዋል።

በማግሥቱ ወዳጄ ወደዚያው ወደ ኒኮልሰን ወሰደኝ። የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ አዳራሽ፣ ሰርጀንስ ሆል፣ እዚሁ ነው። በ1869 ሶፊያ ጄክስ-ብሌክና ጓደኞቿ ሕክምና ሊማሩ ኤድንብራ ተመዘገቡ፤ በብሪታኒያ ዩኒቨርሲቲ እንዲህ የተመዘገቡ ሴቶች ከዚያ በፊት አልነበሩም። ሰባቱ ይሏቸዋል። ኖቬምበር 18 ቀን 1870 የአናቶሚ ፈተና ሊፈተኑ ሲመጡ ግርግር ጠበቃቸው፤ ጭቃ ተወረወረባቸው፣ በሩ ተዘጋባቸው። እንደምንም ገብተው ሲቀመጡ ደግሞ የኮሌጁን በግ ወደ አዳራሹ ነዱባቸው። መምህሩ በጉን ተዉት፣ ከላኩት ሰዎች ይልቅ እሱ አእምሮ አለው ብለዋል ይባላል።

ይህን ሁሉ በሰፊው ጽፋ ያቆየችው ራሷ ጄክስ-ብሌክ ናት። ባለጉዳይ ናት እንግዲህ። ወዳጄ እንደነገረኝ አርታዒ እዚህ ላይ የእሷን ቃል አይጥልም፣ ብቻውንም አያቆመውም፤ የዘመኑን ጋዜጣና በኋላ የመጡ የታሪክ ጸሐፊዎችን ከጎኑ ያቆማል። የፍርድ ቤት መዝገብም አለ። ግርግሩን የመራው የአንድ ፕሮፌሰር ረዳት ነው ብላ በመናገሯ ሰውዬው በስም ማጥፋት ከሰሳትና ረታት፤ የተፈረደለት ካሳ ግን አንድ ፋርዚንግ፣ የፔኒ ሩብ ነበር። ፈራጆቹ በልባቸው ከማን ጋር እንደነበሩ ለእኔ ግልጽ ነው፤ ይህ ድምዳሜ የራሴ ስለሆነ ዊኪፒዲያ አይቀበለኝም። ሰባቱ ያኔ ዲግሪ ሳይሰጣቸው ቀሩ። በ2019 ዩኒቨርሲቲው የክብር ዲግሪ ሰጣቸው፤ የዛሬ ሴት የሕክምና ተማሪዎች ማክኢዋን አዳራሽ ውስጥ ተቀበሉላቸው።

በዚያ የቡና ቤት ምሽት አርታዒዎቹን ከሁሉ ያሞቃቸው የተማሪዎች ጋዜጣ ነገር ነው። ኤድንብራ ከ1887 ጀምሮ ዘ ስቱደንት የሚባል ጋዜጣ አላት፤ መሥራቼ ደራሲው ሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን ነው ይላል (ይኸውላችሁ፣ ባለቤቱ ስለ ራሱ)። በዊኪፒዲያ ልማድ እንዲህ ያለ ጋዜጣ ለግቢው ተራ ጉዳይ ይጠቀሳል። የግቢው አንድ ክበብ የራሱ መጣጥፍ ይገባዋል ለማለት ግን ያው የግቢው ጋዜጣ አይበቃም፤ ከውጭ የመጣ ምስክር ያስፈልጋል። ከመካከላቸው አንዲት የሕክምና ተማሪ ተቆጣች። «የመኝታ ቤታችን ማሞቂያ ሲበላሽ ትልቁ ጋዜጣ ይጽፈዋል? ከእኛ ጋዜጣ በቀር ማን ይመሰክርልናል?» ጡረተኛው ሳይቆጡ መለሱላት፦ አርታዒ አለው? ሲሳሳት እርማት ያወጣል? እነዚህን ጠይቂ፣ የጸሐፊውን ዕድሜ ተዪው። በእኔ ፍርድ ያን ምሽት ሁለቱም አልተረቱም። ትልልቆቹ ጋዜጦች ግቢ የሚመጡት ረብሻ ሲነሣ ነው፤ በእነሱ ብቻ የተጻፈ የተማሪ ሕይወት ረብሻ ብቻ ይሆናል።

መጠራጠር ከተነሣ የአገሬም ታሪክ ምሳሌ አለው፦ እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተምሮ የነበረው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770 ግሽ ዓባይ ደርሷል። ጎንደር ላይ ያየውን በአምስት ጥራዝ በ1790 እዚሁ ከተማ ሲያሳትም፣ ስለ ጥሬ ሥጋ መብላት ያወራውን የለንደን ሰው ውሸት ነው ብሎ ሳቀበት። ብሩስ ራሱ ደግሞ በ1618 እዚያው ምንጭ የደረሰውን ፔድሮ ፓኤዝን አላየም ብሎ ክዶታል። መጠራጠር ብቻውን ሙያ አይደለም፤ እነዚያ የቡና ቤት ሰዎች ግን ከተጠራጠሩ በኋላ ተነሥተው መዝገብ ቤት ይሄዳሉ።

የእኛስ ግቢ? ስድስት ኪሎ ገነተ ልዑል ግቢ ውስጥ ፋሺስቶች የተዉት፣ ወዴትም የማያደርስ ደረጃ አለ። እያንዳንዱ እርከን የሙሶሊኒን የሥልጣን ዓመት ይቆጥራል፤ ጫፉ ላይ አንበሳችን ተቀምጧል። ይህን አዲስ ገቢ ተማሪ ሁሉ ከነባሩ ይሰማል። የኮሌጅ ቀን ግጥሞቹ፣ የካፌው ቀልድ፣ የሰልፍ ዋዜማ ሌሊትም እንዲሁ በብዛት ያለው በሰው አፍ ነው። የአማርኛው ዊኪፒዲያ ወደ 15 ሺህ መጣጥፎች አሉት፤ የግቢ ሕይወት በውስጡ እምብዛም ነው። የታተመ ብቻ ይጠቀስ የሚለው ሕግ በቃል ለሚያወርስ ሕዝብ ይከብዳል፣ ይህን አልክድም። እስኪሻሻል ግን እጃችን ላይ ያለውን እናውጣ። የተማሪዎች ማኅበር ጋዜጣ፣ የምረቃ መጽሔት፣ የክበብ በራሪ ወረቀት ሣጥኑ ውስጥ ያለው ሰው ዓመቱን ጽፎበት ለቤተ መጻሕፍት ይስጥ። የሚያስታውስም ስም፣ ቦታና ዓመት ጠቅሶ መጽሔት ላይ ያሳትመው።