ጉና መቼ ማረከ?

ለቡሄ ደብረ ታቦር ሄጄ ነው። ማታ ከአጎቴ ጋር ቁጭ ብለን ሬዲዮ እንሰማለን፤ ጋዜጠኛው «ማራኪው የጉና ተራራ» ሲል ጋሼ ሳቃቸው አመለጣቸው።

«ጉና ደግሞ መቼ ዘምቶ ማረከ?»

ጋሼ በደርግ ጊዜ ዘምተው ተማርከዋል። ጉና ለእሳቸው ውርጭ ነው፣ ገብስ ነው፣ ርብና ጉማራ የሚነሱበት ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነ ብርድ ነው። ማራኪ ማለት ግን ጠመንጃ ደግኖ «እጅ ወደ ላይ!» የሚል ሰው ነው። የእኔ እንጀራ ደግሞ ጽሑፍ ነው፤ ማራኪ ድምፅ፣ ማራኪ ትረካ፣ ማራኪ ፈገግታ ስል ነው የኖርኩት።

«ታዲያ ምን ልበል ጋሼ?»

«መሳጭ በላ።»

እሱም ቢሆን ከዘረፋ አያመልጥም፤ መሠጠ በግእዙ ነጠቀ ማለት ነው። ይህን ስነግራቸው አልከፋቸውም። ልጅ ሳሉ ቆሎ ተማሪ ነበሩና ቅዱስ ያሬድን አነሱልኝ። ሲዘምር አፄ ገብረ መስቀል በዜማው ተመስጠው ጦራቸውን እግሩ ላይ ተከሉት፤ ደሙ ሲፈስ ወጊውም ተወጊውም አላወቁም ይባላል። ተመስጦ ማለት ይኼ ነው አሉኝ፤ ሰውየው ተነጥቋል፣ ዜማው ግን አልተቋረጠም። የፎገራው አለቃ ገብረ ሐና የሸምበቆ መወዛወዝ አይተው ፈጠሩት የሚባለው፣ በልጃቸው ስም የሚጠራው የተክሌ ዝማሜም (ደብረ ታቦሮች ይኮሩበታል) ዓይን ይዞ ያስቀራል፤ ባለመቋሚያው ግን አንድ ምት አይስትም።

መፍዘዝ ሌላ ነው። ሌባ ይይዘዋል የሚባለው መድኃኒት ስሙ አፍዝ አደንግዝ ነው። እሹሩሩን የት እንደማስቀምጠው ግን እስካሁን አልገባኝም፤ ልጁን ይዞት የሚሄደው ወደ እንቅልፍ ነው፣ ሆኖም ማንም ፈዘዘ አይለውም። እናቱ ጀርባ ላይ ስላለ ይሆናል።

በዚሁ ጨዋታ መሀል ጋሼ ስለ ምርኮው ጀመሩ። ከዚያ በፊት ለማንም ሲያወሩት ሰምቼ አላውቅም። ሌሊት ነበር አሉ፤ መጀመሪያ ጫማችንን አስወለቁን አሉ። ስልኬ ጉልበቴ ላይ በራ። አንድ ቪዲዮ ከፈትኩ፣ እሱ ሌላ አመጣ።

«ፈዘዝክ» አሉኝ።

«ኧረ እየሰማሁ ነው ጋሼ።»

«ምን አልኩህ?»

ዝም አልኩ። ሬዲዮውን ከፍ አደረጉት።

ከአዲስ አበባ ስደውል አንዳንዴ እጠይቃቸዋለሁ። «ስትመጣ» ይሉኛል። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። የማውቀው እስከ ጫማው ድረስ ነው።