አይዳን ይዤ ማንቡክ

ኦፔራ ለመስማት ብሎ ወደ ማንቡክ የወረደ ሰው ከእኔ በፊት የነበረ አይመስለኝም። ዕቅዴ ቀላል ነበር፤ የቨርዲን «አይዳ» በስልኬ ጭኜ፣ በቻግኒና በግልገል በለስ በኩል አልፌ ጉባ መድረስ፣ ከዚያ ዓባይ ዳር ቁጭ ብዬ ሦስተኛውን ገቢር መስማት። ሦስተኛው ገቢር ራሱ የዓባይ ዳር ትዕይንት ነዋ! ሌሊት ነው፤ ጨረቃ ወጥታለች። የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ሆና ሳለ ግብፅ ውስጥ ተማርካ ገረድ የሆነችው አይዳ ዳግም ስለማታያት አገሯ ታዜማለች።

እኛ አገር ይህን ኦፔራ ቁጭ ብሎ የሰማ ሰው ብዙ አይደለም። ሌላው ዓለም ግን ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ሲያጨበጭብለት ኖሯል። በቬሮና ጥንታዊው የሮማውያን ስታዲየም በየበጋቸው ምሽት የሚካሄደው ዝነኛ የኦፔራ ፌስቲቫል እ.ኤ.አ. በ1913 የተጀመረው በአይዳ ነው። ሚላኖ ያለው ላ ስካላ ደግሞ አዲሱን የኦፔራ ወቅት የሚከፍተው በከተማዋ ጠባቂ ቅዱስ ዕለት ነው፤ ዕለቱ በእኛ አቆጣጠር ብዙውን ጊዜ ኅዳር 28 ላይ ይውላል። ይህችን ቀን ያዙልኝ።

ከእንጅባራ ወደ ቻግኒ ሲወረድ ጋቢ ይጣላል፣ ትንሽ ቆይቶ የሸሚዝ ቁልፍ ይፈታል። ግልገል በለስን ካለፍን በኋላ ቀርከሃው በዛ፤ በመንገዱ ዳርም የጉሙዝ ሴቶች በትር በትከሻቸው አጋድመው፣ ከፊት እንጨት ከኋላ ቅል አንጠልጥለው ሲሄዱ አየሁ። ሸክሙ ይወዛወዛል፣ እነሱ ግን ቀጥ እንዳሉ ናቸው። ፓዌ በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ ከወሎና ከሌላም አካባቢ ሰው እየተጫነ የሰፈረበት አገር ነው። እስከ ዛሬ ብዙዎቹ መንደሮች የሚጠሩት በቁጥር ነው። አንድ ተሳፋሪ «የት ነው የምትወርዱት?» ሲባል «መንደር ሰባት» ብሎ መለሰ፤ ሌላው «እኔም» አለ።

ማንቡክ የዳንጉር ወረዳ ዋና ከተማ ነው። አንድ ረጅም ጎዳና፣ ባጃጆች፣ የቆርቆሮ ሱቆች፣ ጆንያ ሙሉ ለውዝና ሰሊጥ፣ ጥግ ላይ ደግሞ ከቆላው የመጣ ዕጣን አለ። ገበያው ውስጥ ጉሙዝኛ፣ አማርኛ፣ አገውኛ፣ ሺናሽኛ ይሰማል፤ ብዙው ሰው ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያልፈው ሳያስበው ነው። ጃንሆይ በጥር 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ ገብተው ወደ ጎጃም ሲያመሩ ያረፉበት የበላያ ተራራም በዚሁ ወገን ነው። የቅርቡን፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት መተከል ያየውን እልቂት፣ እዚህ አላወራም። ማንቡክ ውስጥ ሰው በጨዋታ መሐል ድንገት ዝም ሲል ግን «ምን ሆንክ?» ብሎ መጠየቅ አያስፈልግም።

ሹፌራችን «ከዚህ ወዲያ ዛሬ አንሄድም፤ ነገ በጠዋት» አለና መኪናውን አቆመ። አልጋ ይዤ ግቢው ውስጥ ለውዝ እየፈለፈልኩ ሳለሁ ከአዳራሹ በኩል ድምፅ መጣ። ጥሩምባ እንዳልለው ወፍራም ነው፤ የሰው እንዳልለው ትንፋሽ አያጥረውም። ከአንድ ቦታም አይመጣም። አንዱ ዜማ ከግራ ይነሳል፣ መሐል ይሻገራል፣ ቀኝ ደርሶ ይመለሳል። ለውዙን ትቼ ሄድኩ።

የኅዳር 29 ልምምድ ነበር። የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን ሲቃረብ በየወረዳው የኪነት ቡድን ሥራ ይበዛበታል። አዳራሹ ውስጥ የጉሙዝ ልጃገረዶች ተራቸውን ጨርሰው ግድግዳውን ተደግፈው ላባቸውን ይጠርጋሉ። መሐል ላይ ከአሶሳ ወገን የመጡ የበርታ ሰዎች ክብ ሠርተው ቆመዋል። የያዙት ዋዛ ነው።

ዋዛ በቴሌቪዥን ሲታይ ለጌጥ የተያዘ ነገር ይመስላል። በቅርብ ሲያዩት ሌላ ነው። የቅል ቁርጥራጮች አንዱ በአንዱ ውስጥ እየተሰኩ ተቀጣጥለው፣ ከአፉ ጠበብ ጫፉ ላይ ሰፋ ያለ ረጅም መለከት ይወጣቸዋል። ትንሹ ክንድ ቢያህል ነው፤ ትልቁ የሰው ቁመት ያህላል፤ ነፊው ጫፉን ወደ መሬት ዘንበል አድርጎ ይይዘዋል። ከንፈር የሚያርፍበት ቦታ ከብዙ መነፋት የተነሣ ያብረቀርቃል። አንድ ሰው ደግሞ በትከሻው ያጋደመውን እንጨት በቀንድ እየመታ ምቱን ይጠብቅላቸዋል።

ዕረፍት ሲወጡ ትልቁን ዋዛ የያዙትን ሽማግሌ ተጠጋሁ።

«አባባ፣ እስኪ ለብቻዎ ይንፉልኝ» አልኳቸው።

ነፉ። አንድ ወፍራም ድምፅ፤ አዳራሹ ውስጥ ዞሮ ጠፋ።

«ሌላስ?»

«ሌላው እሱ ጋ ነው» አሉና አጠገባቸው የቆመውን ጎልማሳ በአገጫቸው አሳዩኝ። እሱም ነፋ፤ የእሱም አንድ ነው። ቀጥሎ ያለውም እንደዚያው።

የነገሩ ምሥጢር ይኸው ነው። እያንዳንዱ ዋዛ የሚሰጠው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ዜማው የማንም አይደለም፤ እያንዳንዱ ሰው ተራው ሲደርስ የራሱን አንዲት ድምፅ ያስገባና ይወጣል፤ ተራው የሚደርሰው ደግሞ በዓይን ጥቅሻ ጊዜ ውስጥ ነው። ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ውስጥ ከብዙዎቹ ቫዮሊኒስቶች አንዱ ቢያንቀላፋ አዳራሹ አያውቅም። እዚህ መደበቂያ የለም። ከዕረፍት ሲመለሱ አንዱ ወጣት ስልክ ሊያናግር ወጥቶ ዘገየ። ያለ እሱ ጀመሩ፤ ዜማው የፊት ጥርሱ እንደወለቀ ሰው ሆነ። ሽማግሌው እጃቸውን አንስተው አስቆሙ። ማንም አልተቆጣም። ልጁ ሮጦ ገባ፣ ዋዛውን አነሳ፣ ዜማው ሞላ። ከዚያ በኋላ የሆነውን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም፤ ቆሜ ነበር፣ ሳላስበው እግሬ ይመታ ጀመር፣ የጉሙዝ ልጃገረዶቹም ከግድግዳው ተላቀው መሐል ገቡ። ልምምዱ ቀረና ጭፈራ ሆነ።

እንዲህ ያለ አሠራር የሰው ልጅ ከአንድ ቦታ በላይ አግኝቶታል። እ.ኤ.አ. በ1750ዎቹ ማሬሽ የሚባል የቦሔሚያ ሙዚቀኛ ሩሲያ ውስጥ ለናሪሽኪን መኳንንት አንድ ኦርኬስትራ አቋቁሞ ነበር። እያንዳንዱ ነፊ አንድ ድምፅ ብቻ የሚያወጣ የአዳኝ ቀንድ ይይዛል፤ ነፊዎቹ ገባሮች ነበሩ። ሴንት ፒተርስበርግ ተደንቃ ሰማች፤ ፋሽኑ ሲያልፍም ነገሩ አብሮ አለፈ። እኛ ጋ እንደዚህ ያለው ሙዚቃ ጌታም ፋሽንም አላስፈለገውም። የድሮው ቤተ መንግሥት እምቢልታዎች ዜማቸውን ተካፍለው ነበር የሚነፉት። ደራሼዎች ፊላ የሚባለውን መሣሪያቸውን የሚነፉት በዚሁ መንገድ ነው፤ ሙላቱ አስታጥቄም ስለ ደራሼ ሙዚቃና ስለ ድምፆቹ አሰካክ በቃለ ምልልሶቹ ደጋግሞ በአድናቆት አውርቷል።

ሌሊት አልጋዬ ላይ ሆኜ አይዳን ከፈትኩ። ሁለተኛው ገቢር ላይ የታወቀው የድል ሰልፍ አለ። ቨርዲ ለዚህ ሰልፍ ስድስት ረጃጅም ቀጥ ያሉ መለከቶች በልዩ ትእዛዝ አሠርቷል፤ ሦስቱ በአንድ ቅኝት፣ ሦስቱ ከፍ ባለ በሌላ ቅኝት። እስከ ዛሬ «የአይዳ መለከት» ይባላሉ። የግብፅ ጦር ኢትዮጵያውያንን ድል አድርጎ ሲገባ እነዚህ መለከቶች ያገሳሉ። ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ማንቡክ ውስጥ ግን ጆሮዬ ሌላ ጥያቄ ጠየቀኝ። የግብፅ ወገን መለከት ተሠራለት፤ የኢትዮጵያ ወገን ምን ይዞ መጣ? ሰንሰለት። ምርኮኞቹ እያለቀሱ ይገባሉ፣ አይዳ አባቷን ከመሐላቸው ታያለች።

የዚህ ኦፔራ ታሪክ ከዚህ አገር ጋር ያለው ዝምድና ሰው ከሚያስበው በላይ ነው። አይዳን ያዘዘው የግብፁ ገዥ ኬዲቭ እስማኤል ነው፤ የመጀመሪያው ትርኢት ካይሮ ውስጥ በታኅሣሥ 1864 ዓ.ም. ታየ። በአራት ዓመቱ፣ በ1868 ዓ.ም.፣ ያው ኬዲቭ እውነተኛ ጦር ወደ ኢትዮጵያ ላከና በአፄ ዮሐንስ ሠራዊት ጉንደትና ጉራ ላይ ሁለት ጊዜ ተደመሰሰ። መድረኩ ላይ ያጨበጨበለት ድል ሜዳ ላይ አልተገኘም። ይህን ብዙ ሰው ጽፎታል። እኔን ያስደነገጠኝ ግን የአያቱ ነገር ነው። የኬዲቩ አያት መሐመድ ዓሊ እ.ኤ.አ. በ1820 ጦሩን በልጁ መሪነት ወደ ሱዳን ልኮ ዓባይን ሽቅብ እያስከተለ እስከ ፋዞግሊ፣ እስከ በርታዎች ደጃፍ ድረስ አስደረሰው። የፈለገው ሁለት ነገር ነበር፤ ወርቅና ባሪያ። ወርቁ አልበቃው ብሎ በስተእርጅናው ራሱ ፋዞግሊ ድረስ መጥቷል።

እንግዲህ ለካይሮ የኦፔራ ቤት ምርኮኛዋን ኢትዮጵያዊት ያዘዘው ሰው፣ አያቱ ከዚህ ወንዝ ዳር ሰው ሲያስለቅም የኖረ ነው። እውነቱን እንናገር ከተባለ ከደጋም እየወረደ በርታውንና ጉሙዙን የሸጠ አልጠፋም፤ ጥፋቱን ለግብፅ ብቻ ማሸከም ቀላል ነው። ቨርዲ ይህን ሁሉ አያውቅም ነበር፤ ካይሮም አልሄደም። የአይዳ ዘመዶች ከነመለከታቸው ወንዙን ሽቅብ ሲሉ እንደሚገኙም የነገረው የለም።

ጉባ በማግስቱ ደረስን። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ የያዘውን ውኃ ከሩቅ እያየሁ ሦስተኛውን ገቢር እንዳቀድኩት ሰማሁት። ያምራል። አይዳን በዚያ ቦታ መስማት ለማንም የምመኘው ነገር ነው። ሆኖም ጆሮዬ ውስጥ የቀረው የሽማግሌው አንድ ወፍራም ድምፅ ነበር።

ወደ አዲስ አበባ ስመለስ ስለ ራሳችን ክላሲካል ሙዚቃ ሳስብ ነበር። ትንሽ አይደለም። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር አሸናፊ ከበደ የእረኛውን ዋሽንት ከኦርኬስትራ ጋር አገናኝቷል። ግርማ ይፍራሸዋ በሶፊያ ተምሮ የደጋውን ዜማ ለፒያኖ ጽፏል። እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ በ2015 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ውስጥ ሲያርፉ ዓለም ሁሉ አልቅሶላቸዋል። ሙላቱም ሃርቫርድ በነበረበት ጊዜ እ.ኤ.አ. በ2008 በቅዱስ ያሬድ ላይ የጀመረውን ኦፔራ ከፊሉን አሰምቷል። የእነዚህ ሰዎች ሥራ እንደ ዳዊት የሚደገም ነው። ግን አብዛኛው የሚቀዳው ከቤተ ክርስቲያን ዜማና ከዋሽንት፣ ከክራር፣ ከመሰንቆ ነው፤ የደጋ ምንጭ ነው። ቆላው ገና ተራው አልደረሰም። ዋዛን ለኅዳር 29 ሰልፍ አምስት ደቂቃ ነፍቶ እንዲወርድ ነው የምንጠራው፤ ያውም ከመድረክ መሪው ድምፅ ማጉያ ጋር እየታገለ።

ላ ስካላ ወቅቱን በኅዳር 28 ይከፍታል ብያለሁ። የእኛዎቹ ነፊዎች መድረክ ላይ የሚወጡት በማግስቱ ነው። ዋዛ የአዝመራ መሣሪያ ነውና ጊዜው ራሱ የሰጠው የኮንሰርት ወቅት አለው፤ የጎደለው ፕሮግራም አውጥቶ ሰው የሚጠራ ነው። ስለዚህ የብሔራዊ ቴአትርና የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሰዎች፣ ለመጪው ወቅት ስታቅዱ አንድ ሙሉ ምሽት ለዋዛ ስጡ፤ ያለ ድምፅ ማጉያ፣ ያለ ንግግር። አይዳንም አንድ ቀን አዲስ አበባ ላይ ወይም አሶሳ ላይ የምታሳዩ ከሆነ፣ የቨርዲ መለከቶች ለግብፅ ወገን ይንፉ፤ የአይዳ አባት ንጉሥ አሞናስሮ ሲገባ ግን ዋዛ ይነፋ። አንባቢም እስከዚያ መታገሥ ካቃተህ በኅዳር ውረድ፤ የመንገዱን ሁኔታ ግን ከመነሳትህ በፊት ቻግኒ ላይ ጠይቅ።